ይሁዳ የሚለው ስንኝ

ቶሮንቶ፣ ዌስተን
ጃንዋሪ 20 ቀን 2025

ይድረስ ለታዴዎስ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማ አበራሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጥምቀትን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቀው ነው።

በስልክ ለምን አታናግሪኝም ላልከው፣ የባለፈውን እሁድ አልረሳኸውም መቼም። ሁለታችንም ጮህን፤ አንተ ዘጋህብኝ፤ እኔም መልሼ ደውዬ ሳታነሳ ስትቀር ደስ አለኝ። በኢሜይል ሲሆን ቢያንስ አንዳችን እስክንጨርስ ሌላችን ዝም እንላለን።

«በረዶ ለብሶ»ን ምን እያደረጋችሁት ነው ብለሃል። ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባንዳችን «ደጋን» በሚቀጥለው በጋ አልበም ያወጣል። አዲስ ዘፈን የለበትም፤ አራታችን አብረን የሠራናቸውን ስምንት የድሮ ዘፈኖች እንደገና ሠርተን ነው። ያኔ ማሲንቆህንና ክራሬን በጊታርና በከበሮ አጅበን ስንጮህ አንድ ጋዜጣ «ኒዮፎክ» ብሎ ጠራን፤ የባህል ዘፈን በአዲስ መልክ ማለት መሆኑን እንኳ ፈልገን ያገኘነው በማግስቱ ነው። አሁን ጩኸቱ አይመጣልንም። ሪድዋን ከበሮውን ከ«በረዶ ለብሶ» ሙሉ በሙሉ አወጣው፤ ራሱ ከበሮ መቺው! ብሩኪ ጊታሩን ትቶ በሃርሞኒየም፣ በዚያች በእጅ በምትነፋ ትንሽ ኦርጋን፣ አንድ ድምፅ ብቻ ከታች ይጎትታል። ቅኝቱ ያው አንቺሆዬ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ግማሽ ሆኗል። እንዲህ ቀስ ሲል እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው።

ሦስተኛውን ስንኝ መዝፈን አቃተኝ።

ወንድሜ ቆሞ ቀረ በረዶ ለብሶ፣
ይሁዳ ከዳው ወይ እንጀራ ቆርሶ።

እዚያ ስደርስ ድምፄ ይዘጋል። ቃሉ ያንተ ነው፤ ወንድምህ ምስጋና በሞተ በስድስት ወሩ የጻፍከው ነው፤ በእሱ ላይ እጄን ማንሳቴ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ያንን ስም እንድናወጣው ፍቀድልኝ። ሌላ ስንኝ ጻፍልን፤ ማሲንቆውንም እዚያው ቀድተህ ላክልን። ስቱዲዮ የያዝነው ለማርች 8 ነው።

ለምን እንደሆነ ባትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። እንደምትጠይቀኝም አውቃለሁ።

ተናኜ


ደብረ ብርሃን
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተናኜ፣

ሰላም ነሽ? የእናቴ ጉልበት እንዳለ ነው፤ በከዘራ ወጣ ገባ ትላለች።

መልሴ አይሆንም ነው።

ከበሮውን አውጡት። ፍጥነቱን ግማሽ አድርጉት፣ ከፈለጋችሁም ሩብ። ስሙ ግን አይነካም። ሌላው አድማጭ ስለ አስቆሮቱ ይሁዳ የተዘፈነ መስሎት ያልፋል፤ እኛ ግን ማን እንደሆነ እናውቃለን። ምስጋናን ሬክስዴል ካለው ዌርሃውስ ሺፍቱን ሲጨርስ ወደ ቤት የሚመልሰው ጓደኛው ነው። አራት ዓመት በአንድ መኪና ተመላልሰዋል። ያን ቀን ግን አልመጣም። ወንድሜ በዚያ ሁሉ በረዶ ባስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ባሶቹ ቆሙ። በእግሩ ሲነሳ ያ የጭነት መኪና ሳያየው ገጨው። ይሁዳ ለምን ሳትመጣ ቀረህ ሲባል «አልመጣሁም» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል ሲናገር የሰማ ሰው አለ?

እናቴ በየዓመቱ ጥር 25 ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስልኬን ትቀበለኝና ዘፈኑን ታስከፍተኛለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጅሽን የገደለው በረዶ ነው ብትባል በረዶን ምን ታደርገዋለች? ሰው ሲሆን ግን ትራገመዋለች፤ ተራግማም ታርፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስታስከፍተኝ ስሙ ወጥቷል ልበላት?

ስሙን ካወጣችሁ የእኔንም ስም፣ ዜማዬንም፣ የወንድሜንም ሞት አብራችሁ አውጡ። ዘፈኑ ያለ ፈቃዴ እንደማይቀዳ ብሩኪ ያውቃል።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ማን መጥቶ አናገረሽ?

ታዴዎስ


ቶሮንቶ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2025

ታዴ፣

ትናንት የምስጋና ቀን ስለነበር ልጽፍልህ ጀምሬ ተውኩት። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። እማማ አበራሽን እንዴት ዋሉ ብዬ ለመጠየቅም አፈርኩ።

ማን መጣ ላልከው፣ ሆሣዕና የምትባል ልጅ ናት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ባለፈው ዲሴምበር፣ ያቺ ከምንጣፍ መሸጫው ሥር ያለችው መለማመጃችን ድረስ መጣች። ሪድዋን አድናቂ መስላው አልበም ሊሰጣት ተነሳ። እሷ እሱን አልፋ እኔን እያየች፣

«ሶሪ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ዘፈኑ ውስጥ ያለው ይሁዳ ማይ ዳድ ነው?»

«አባትሽ ማነው?» አልኳት፣ እያወቅሁ። ዓይኗ ቁርጥ የእሱ ነው።

«እኔ የማውቀው ወልደገብርኤል ነው። ሥራ ቦታም፣ ጎረቤትም ሁሉም እንደዛ ነው የሚጠራው። እኔም በአያቴ ስም ነው የምጠራው። ፓስፖርቱ ላይ ግን ይሁዳ ይላል። አክስቴን ጠየቅኳት። 'ስለዚያ ዘፈን ማውራት ተይ' አለችኝ። እኔ ስለ ዘፈን አልጠየቅኳትም ነበር።»

የክርስትና ስሙን ይዞ ነው የሚኖረው፣ ታዴ። ከዌስተን ለቆ ሬክስዴል ገብቷል፤ ኤርፖርት አካባቢ ይሠራል። ዘፈኑ በወጣ በዓመቱ ቤተ ክርስቲያን መምጣት እንዳቆመ ሁላችንም አይተናል፤ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

«ከአባትሽ ጋር ተነጋገሩ» ብዬ ሸኘኋት። እንዲህ ያለ መልስ ነው የሰጠኋት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ልጅ ሆኜ ያንን ዘፈን ከኋላ ወንበር ሆኜ እዘፍነው ነበር» አለችኝ። «አማርኛዬ ጥሩ ስላልሆነ ዳድ እየነዳ ያርመኛል። 'ከዳ ወይ' አይባልም፣ 'ከዳው ወይ' በይ ይለኝ ነበር።»

ድምፄ የሚዘጋው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። እንድታዝንላት ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ። ጠየቅከኝ፤ መለስኩልህ።

ተናኜ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተናኜ፣

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። አዝኛለሁ። አባቷ ግን ስሙን የተወው የሚሸሸው ነገር ስላለ ነው እንጂ ለዘፈን ብሎ አባቱ ያወጣለትን ስም የሚጥል ሰው አላውቅም።

አንቺም የደበቅሽኝ ነገር አለ። ያንን ስንኝ ከመቶ ጊዜ በላይ ዘፍነሽዋል። ሞንትሪያል ላይ ሕዝቡ ስሙን ተቀብሎ ሲጮህ ማይኩን ወደ እነሱ ዘረጋሽላቸው፤ አጠገብሽ ነበርኩ። ያኔም ይሁዳ ልጅ ነበረችው፤ ያኔም ታውቂ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?

እናቴ ስጽፍ አይታ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ። «ከተናኜ ጋር» አልኳት። «ያቺ የልጄን ዘፈን የምትዘፍነው? እሷንማ እንዳታስቀይማት» አለች። ይህን የጻፍኩልሽ እንድታፍሪ ነው።

ስለ ልጅቷ ሌላ አትጻፊልኝ። ይሁዳ ያን ቀን የት ነበር? ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም?

ታዴዎስ


ቶሮንቶ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025

ታዴዎስ፣

ሰላምታ ባስቀድም ማባበል ይመስልብኛል።

ይሁዳ ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር።

የመጀመሪያ ኮንሰርታችን ቀን ነው። እናንተ ሦስታችሁ ቀድማችሁ ዳውንታውን አዳራሹ ደርሳችኋል። እኔ ክራሮቹንና ያንን ከባድ አምፕሊፋየር ይዤ ዌስተን ቀርቻለሁ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ታክሲ የሚባል ነገር አይገኝም። ከአዳራሹ ተደወለልኝ፤ እንደምንም ብለሽ ድረሺ ተባልኩ። ይሁዳ ያኔ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነበር የሚኖረው። ወርጄ አንኳኳሁ። ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ምስጋናን ሊያመጣ ሊወጣ ነው።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ አድርሰኝ!»

«ምስጋና በአስር ሰዓት ይወጣል። እሱን ላምጣና እመለስልሻለሁ።»

«አይደርስማ! ምስጋና በባስ ይምጣ፤ እኔ እደውልለታለሁ።»

«ትደውይለታለሽ?»

«አሁኑኑ!»

ደወልኩ፤ አንድ ጊዜ። አልተነሳም። ሥራ ላይ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ እንደሚቆልፉ አውቃለሁ። ቆይቼ እሞክራለሁ አልኩ። መኪና ውስጥ የአንዱ ክራር ጅማት ከብርዱ የተነሳ ተበጠሰ። እሱን ስቀይርና ስቃኝ ደረስን። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው ይጠራኛል፤ ረሳሁት። ለማሳመር ብሞክር ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ረሳሁት። መድረክ ልወጣ ስል ይሁዳ መጣና «አገኘሽው አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ያቺን «አዎ» እስከዛሬ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን እኔን አምኖ ከኋላ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ሰማ። የምስጋና ስልክ ባትሪው አልቆ እንደነበር ኋላ ፖሊሶቹ ነገሩን፤ ለማን ሊደውል ይችል ነበር?

በስድስተኛው ወር ያንን ስንኝ ይዘህ መጥተህ «አንቺ ካልዘፈንሽው ማን ይዘፍነዋል?» አልከኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንተ ግን እህል መቅመስ የጀመርከው ያን ዘፈን ከጻፍክ በኋላ ነው፤ ልነጥቅህ አልቻልኩም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ዘፈኑ ደግሞ ታወቀ፤ በእሱ ተጠራን። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ሞንትሪያል ላይ ማይኩን ዘርግቼ ዓይኔን የጨፈንኩት ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

ለእማማ አበራሽ የምትነግራቸው ከሆነ ስሜን ሳትደብቅ ንገራቸው።

ተናኜ


ቶሮንቶ
ማርች 2 ቀን 2025

ታዴዎስ፣

ሁለት ሳምንት ዝም አልክ። አልፈርድብህም። ይህን የምጽፈው መልስ ለማግኘት ሳይሆን የሆነውን ልታውቅ ይገባሃል ብዬ ነው።

ለብሩኪና ለሪድዋን ነገርኳቸው። ብሩኪ ወጥቶ ሄደ፤ አራት ቀን ስልክ አላነሳም። ሪድዋን ኬብሉን እየጠቀለለ «ለሰውየው ነግረሽዋል?» አለኝ። «አልነገርኩትም» አልኩት። «ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አለኝ።

ሬክስዴል ሄድኩ። ሆሣዕና ናት የከፈተችልኝ። ይሁዳ ሶፋው ላይ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ እንደ ድሮው «እንደምን ነሽ፣ ተናኜ» አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ቃል ብትናገር እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

«እዚህ ቶሮንቶ፣ ለቅሶው ላይ አይቼሽ ነበር» አለኝ። «ግድግዳ ተደግፈሽ። ሰዎቹ ውሃ ሊያስጎነጩሽ ሲሞክሩ አልወርድልሽ ብሎ። ያን ጊዜ ብናገር ትተርፊ ነበር?»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላማ ማን ያምነኛል? ዘፈኑ ወጥቷል። ደግሞም ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። መሪው በእኔ እጅ ነበር። ወንድም ያህል ጓደኛዬን እየጠበቀኝ ትቼው፣ እደውላለሁ ያለችን ልጅ አምኜ አዳራሽ ገባሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አጨበጨብኩ፣ ተናኜ። በኋላ ሰዓቱን ሳሰላው እሱ የወደቀው ያኔ ነው።»

ሆሣዕና ኩሽናው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሁለታችሁም ዋሽታችሁኛል» አለች። «አንቺ በማይክ፣ አንተ በዝምታ። እኔ ያንን ዘፈን ስዘፍን አርመኸኛል፣ ዳድ! አርመኸኛል!» ኮቷን አንስታ ወጣች። ይሁዳ እስከ ሊፍቱ ተከተላት፤ ብቻውን ተመለሰ።

ስሰናበተው አንድ ነገር ለመነኝ። «ለእናትየው አትንገሪ። የሚጠሉት ሰው አላቸው፤ እሱን አትውሰጅባቸው» አለኝ። እኔ ግን ለአንተ ጽፌ ልኬ ነበር። «ረፍዷል» አልኩት።

ስቱዲዮው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ካልጻፍክልን «በረዶ ለብሶ»ን ከአልበሙ እናወጣዋለን፤ ብሩኪም ተስማምቷል።

ተናኜ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተናኜ፣

ብዙ ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ይህን ሳላነበው እልከዋለሁ።

«ከአዳራሹ ተደወለልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። ማን እንደደወለ አልጻፍሽም። ልትሸፍኚኝ ነው ወይስ በራሴ አፍ እስክናገር ልትጠብቂኝ? የደወልኩት እኔ ነኝ። «ይሁዳን ያዢው፤ ምስጋና ባስ አያጣም» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል።

ይህ ብቻ ቢሆን ረስቼዋለሁ እል ነበር። የአዳራሹን የኋላ በር ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የይሁዳን መኪና አይቻለሁ። አምፕሊፋየሩን አብረን አወረድነው፤ ትከሻው ላይ የነበረውን በረዶ በእጄ አራገፍኩለት። ወንድሜን ሊያመጣ የሚገባው መኪና እፊቴ ቆሞ ነበር፤ ምስጋናስ ብዬ አልጠየቅኩም። ያ ኮንሰርት ነበር ያኔ የሚታየኝ። ፖሊሶቹ መጥተው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ በር ነው።

ይሁዳ የት ነበር ብዬ ስጠይቅሽ መልሱን አውቀው ነበር። «አላውቅም» እንድትዪኝ ፈልጌ ነው። ስለ «አዎ»ሽ አላውቅም ነበር እንጂ፣ መኪናውንማ ሁለታችንም አውቀናል፤ ሁለታችንም እንደማናውቅ ሆነን አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆምን።

አንቺ ፈርቼ ነው ብለሻል። እኔ ግን ፈርቼ አይደለም። አስቤበት ነው፤ ቤት እስኪመታልኝ ድረስ ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ። ስሙ ራሱ ሥራዬን አቀለለልኝ። ይሁዳ የሚባል ሰው ከዳ ሲባል ማን ማስረጃ ይጠይቃል? አገሬ የተመለስኩት እናቴን ልጦር ነው እያልኩ አወራለሁ። ያንን ስም መድረክ ላይ መስማት ስላቃተኝ ነው።

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የአንቺንም የእኔንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም።

«ስለዚህ መኪናው አንተ ዘንድ ነበር» አለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ያ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም አለ።»

«አዎ።»

ከዘራዋን መሬት ላይ አንሸራተተች። «እዚህ መጥቶ ለቅሶዬን አልደረሰም» አለች። «ሁልጊዜ የሚገርመኝ እሱ ነበር። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እንዳይደርስ በሩን የዘጋህብኝ አንተ ነህ ለካ።» ከዚያ «ይምጣ በለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፤ ፊቷን አዙራ ትወጣለች።

ይምጣ ያለችውን አድርሺልኝ። በሦስተኛው ስንኝ ፋንታ ይህን ዝፈኚ፦

ወንድሜ ቀረ ማዶ በረዶ ላይ ቆሞ፣
መኪናው እኛ ዘንድ መጣ ክራር ተሸክሞ።

ማሲንቆውን በስልኬ ቀድቼ አያይዤልሻለሁ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ቆርቆሮው ይሰማል፤ ካልሆነላችሁ ተዉት።

ታዴዎስ


ቶሮንቶ
ማርች 9 ቀን 2025

ታዴዎስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ አንተ የምለው ነገር የለኝም፤ የምፈርድ ሰው አይደለሁም።

ትናንት ቀዳነው። ማሲንቆህን ስናጫውት ሪድዋን የዝናቡን ድምፅ ሊያጠፋው ብዙ ታገለና ተወው። እንዳለ ገብቷል። አዲሱን ስንኝ ቆመን አራት ጊዜ ቀዳን። በአራተኛው ብሩኪ ሃርሞኒየሙን ዘግቶ «ይበቃል፣ ይሄኛው ነው» አለ። ጥሩ ይሁን አይሁን አላውቅም። ድምፄ ግን አልተዘጋም።

መልእክቱን አድርሻለሁ። ይሁዳ ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምን ብዬ እገባለሁ?» ይላል ደጋግሞ። ሆሣዕና ተመልሳ ቤት ገብታለች፤ ገና በደንብ አይነጋገሩም። ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሄደሽ አብረሽ ትቀመጫለሽ» አላት።

«ዛት'ስ ኢት?»

«እሱ ነው።»

«እና ምን ብዬ እገባለሁ ትላለህ? ሂድና ተቀመጥ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ፈተናዬ አፕሪል ላይ ያልቃል፤ እኔም እመጣለሁ» አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ይነሳሉ። እኔ ልምጣ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ አልጠይቅህም።

ተናኜ


ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተናኜ፣

እንደምን ከረምሽ? እንዴት ገቡ ብለሽ ለላክሽው አጭር መልእክት ያልመለስኩልሽ ጊዜ አጥቼ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቷል።

ይሁዳና ልጁ ሰኞ ጠዋት ገቡ። እናቴ በዋዜማው ከእድሩ አግዳሚ ወንበር አስመጥታ ግቢው ውስጥ አስደርድራለች፤ ጥቁሯን ለብሳለች። ጎረቤቶች ደንግጠው «ማን ሞተ?» ሲሏት «ልጄ» ትላቸዋለች። አብዳ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ወደ እኔ መጡ። «ምስጋናን ነው፤ ያልደረሰ ሰው አለ» አልኳቸው። ከዚያ እነሱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ ተቀመጡ።

ይሁዳ በሩ ላይ ሲደርስ ማልቀስ ነበረበት፤ ደንቡ ነው። ድምፅ አልወጣለት አለ። ግማሽ አካሉ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ ክንዱን ይዛለች። ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ ልነሳ ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ፤ በዚያ ጉልበቷ ከዘራዋን ትታ ራሷ ሄደች።

«ይሁዳ» አለችው። ያንን ስም ከእርግማን ጋር ሳይሆን ስትጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

«አቤት፣ እማማ።»

«ዘገየህ።»

«ዘገየሁ።»

ያኔ ነው የጮኸው። ወንድሜን እያለ። ግቢው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔም ያን ዓመት ቶሮንቶ ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሲረጋጋ አጠገቧ አስቀመጠችው። ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም። «አራት ዓመት ጠዋትና ማታ አብረኸው ተመላልሰሃል» አለችው። «ልጄ መኪና ውስጥ ምን ያወራ ነበር?»

አየሽ፣ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ምስጋና ሄዶ በኖረባቸው ዓመታት እናቴ የምታውቀው የስልክ ድምፁን ነው፤ እኔም የራሴን ሙዚቃ ሳሳድድ ነበር። ከእሱ ጋር በየቀኑ የተቀመጠውን ሰው ደግሞ እኔ አፉን ዘጋሁት። መጀመሪያ ይሁዳ ተቸገረ። ቀስ እያለ ግን መጣለት። ምስጋና በኤርፖርቱ በኩል ሲያልፉ የሚያርፈውን አውሮፕላን እያየ ከየት አገር እንደመጣ ይገምት ነበር አለ። የእኔን ዘፈኖች ዜማቸውን እያበላሸ ይዘፍንና «ወንድሜ ነው የጻፈው» ይለው ነበር። አንዲት ዳቦ ሻጭ ወዶ፣ ከእሷ ጋር ለመነጋገር ሲል በየቀኑ ዳቦ እየገዛ ለይሁዳ ይሰጠው ነበር፤ ይሁዳ ቤት ዳቦ ሲሻግት ከርሟል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት መሃል፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እኔን ማናገር የጀመረችው ትናንት ነው፤ «ወንበር ጨምር» ብላ። ስለ አንቺ ይሁዳ ሊያማልድ ሞከረ። «እሷን ይቅር ለማለት ገና ነኝ» አለችው። እኔም ገና ነኝ፣ ተናኜ፤ በአንቺም በራሴም። ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ቀኑ ሲደርስ እሷ ትልሻለች፤ እኔ እጽፍልሻለሁ።

ይሁዳ ደግሞ ጀመረ። ሆሣዕና በስልኳ እየቀዳችው ነው። ምስጋና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ተደብቆ ይማር እንደነበር ሲናገር በመስኮቱ ይሰማኛል፤ ይህን አላውቅም ነበር። ሄጄ ልስማው።

ታዴዎስ